ባለ ዕድሉን ቆርኪ አስቀድሞ ማወቅ፦ የአንዲት ባለሱቅ ተሞክሮ

ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር አነስተኛ ሱቅ ከፍቼ ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ። አንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ባካሄደው የቆርኪ ሽልማት ላይ የተገኘ ጉድለት የእህቴን ልጅ ለፖሊስ ጣቢያ፣ የሰፈሬን ባለሱቆች ለኪሳራ፣ እኔንም ለሐሜት ዳርጎን አልፏል። ነገሩ ከበረደ በኋላ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ በችርቻሮ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች፣ «እንዲህ ያለ ቀዳዳ ብናገኝ መጠቀሙ ምን ነውር አለው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትንና ያሰብኩትን ጽፌ ባስቀምጠው ሌላውን ከተመሳሳይ ጣጣ ያድናል ብዬ አመንኩ። የእህቴ ልጅም የእርሱ ድርሻ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ፋብሪካውንና አከፋፋዩን ግን በስም አልጠራም።

በመጀመሪያ ሽልማቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ጉዳቱ የመጣበት መንገድ የሚገባችሁ ይህን ስታውቁ ነው። ደንበኛው ጠርሙሱን ያስከፍትና በቆርኪው ውስጥ ያለውን ላስቲክ ይፈለቅቃል። ከሥሩ ምንም ካልተጻፈ አለቀ። «አንድ ጠርሙስ በነፃ» ወይም ትንሽ የገንዘብ መጠን ከተጻፈበት እዚያው ከሱቄ እሰጠዋለሁ፤ ስልክ ወይም ባጃጅ ከሆነ ግን ቆርኪውንና መታወቂያውን ይዞ ወደ ፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እኔ ከኪሴ የሰጠሁትን ደግሞ ቆርኪውን ሰብስቤ የአከፋፋዩ መኪና ሲመጣ አስረክባለሁ፤ እነርሱም በምትኩ ሙሉ ጠርሙስና ገንዘብ ይመልሱልኛል። እንግዲህ ቆርኪው ከተፈለቀቀበት ሰዓት ጀምሮ መኪናው እስኪመጣ ድረስ የፋብሪካውን ሽልማት በራሱ ገንዘብ ተሸክሞ የሚቆየው ባለሱቁ ነው። ሸማቹም ሆነ ወጣቱ «ከፋብሪካው ወሰድኩ» የሚለው ገንዘብ በመጀመሪያ የሚወጣው ከዚህች ሱቅ መሳቢያ ነው።

ጉድለቱን ያገኘው የእህቴ ልጅ ነው። ከትምህርት መልስ ሱቁን ያግዘኛል፤ ዓይኑ ፈጣን፣ ቁጥር የሚወድ ልጅ ነው። በየጠርሙሱ አንገት ላይ በጥቁር ቀለም፣ በጥቃቅን ነጠብጣብ የምትታተም መስመር አለች፤ የምርት ቀኑን፣ የማምረቻ መስመሩን ቁጥርና ጠርሙሱ የተሞላበትን ሰዓትና ደቂቃ ታሳያለች። አብዛኞቻችን የአገልግሎት ጊዜው እንዳላለፈ ለማረጋገጥ ካልሆነ በቀር አናነባትም። እርሱ ግን ሽልማት የወጣባቸውን ባዶ ጠርሙሶች ለይቶ ከመደርደሪያው ሥር ሲያስቀምጥ፣ የብዙዎቹ ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚለያይ ሆኖ አገኘው። ከአዲስ ሳጥን ውስጥ በዚያች ሰዓት የተሞሉትን መርጦ፣ በራሱ ገንዘብ ከፍሎ ሲከፍታቸው፣ ከባዶዎቹ ይልቅ ባለ ሽልማቶቹ በለጡ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ፣ ከፋብሪካው ባለሙያ አንደበት ነው። ባለ ሽልማቱ ቆርኪ ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ለብቻው በካርቶን ታሽጎ ነው፤ ወደ መክደኛው ማሽን ከመገልበጡ በፊት ከባዶው ጋር በደንብ መደባለቅ ነበረበት። በአንዳንድ ፈረቃዎች ግን ካርቶኑ እንዳለ ስለተገለበጠ፣ ለቀኑ ሙሉ ሊበተን የሚገባው ዕድል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በተከታታይ ጠርሙሶች ላይ ተከደነ። ሰዓቱን ማንበብ ለቻለ ሰው ሽልማቱ ዕጣ መሆኑ ቀረ።

«አክስቴ፣ ሳጥን ሲገባ ባለ ሰዓቶቹን እኛ እንክፈታቸው፤ የቀረውን እንሽጥ» አለኝ። «ከፍለን የገዛነው እኛ ነን። አልሰረቅንም፤ ቆርኪ አላተምንም። ያበላሸው ፋብሪካው ነው።» የሱቁ ኪራይ ጨምሮ፣ የልጆቼም የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ስለነበር ንግግሩ ውሃ የሚያነሳ መሰለኝ። ደግሞም ባዶ እጁን አልመጣም። ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1999 እ.ኤ.አ. ያደረገውን በስልኩ አንብቦ ኖሮ አስረዳኝ። አንድ የምግብ አምራች የምርቱን መለያ ኮድ ለሚልኩ ደንበኞች የአውሮፕላን ጉዞ ማይል፣ ማለትም በነፃ ለመብረር የሚያገለግል ነጥብ፣ እንደሚሰጥ ያስታውቃል፤ ሰውየውም ሲያሰላው የማይሉ ዋጋ ከምርቱ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ያገኘዋል። ፑዲንግ የሚባለውን ጣፋጭ ምግብ 12,150 ኩባያ በ3,140 ዶላር ገዝቶ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የጉዞ ማይል አገኘ። ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ፤ የድርጅቱ ሰዎችም በምላሹ መለያዎቹን በመላጥ አገዙት። ኩባንያው ቃሉን ጠብቆ ከፈለው፤ ሰውየውም እስከ ዛሬ በብልህነቱ ይነሳል። «ታዲያ የእኛ በምን ይለያል?» አለኝ ልጁ።

ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። «ኃጢአት ነው፣ ተወው» ብዬ አፉን ብዘጋው ኖሮ ያኔውኑ ነገሩን ከእኔ ደብቆ ይቀጥል ነበር። ወላጅ ወይም ታላቅ የሆናችሁ ሁሉ ይህን አስቡበት፤ ልጅ ክርክር ይዞ ሲመጣ ክርክሩን አድምጡት፤ ብርቱ ጎኑንም እመኑለት።

ልዩነቱ የተገለጠልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ጋሼ የምላቸው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሕፃኑ ሁልጊዜ ጠርሙሱን ራሱ ካልመረጠ እሺ አይልም፤ ከሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ የአንዱን ክዳን በጣቱ ይነካል፤ ይተወውና ወደ ሌላው ያልፋል፤ በመጨረሻ አንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ያወጣል። ጋሼም ገንዘቡን ቆጥረው ይሰጡኛል። እኔ ሕፃኑን እያየሁ አንድ ነገር አሰብኩ። የእህቴ ልጅ እንዳለው አድርገን ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ሽልማት ያለበት ጠርሙስ አይኖርም ነበር፤ ጋሼ ግን የሚከፍሉት ያንኑ ዋጋ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውም ፖስተር «ዕድልዎን ይሞክሩ» እያለ ይጠራቸዋል። ዕድሉ ከሳጥኑ መውጣቱን የማውቀው እኔ ሻጭዋ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ የመረጥኩትን ከወሰድኩ በኋላ የቀረውን ማን ይገዛዋል? ፊሊፕስ ፑዲንጉን ሲገዛ የማንንም ደንበኛ ማይል አልቀነሰም፤ ደንቡ ለሁሉም በይፋ የተጻፈ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣ ሰውም ኮዱን ቢልክ ያው ማይል ይሰጠዋል። የሒሳቡ ስህተት ጉዳት የሚያርፈው ደንቡን ባወጣው ኩባንያ ላይ ብቻ ነው። የእኛ ግን በቁጥር የተወሰነ ዕጣ ነው፤ እኔ አይቼ ያወጣሁት እያንዳንዱ ቆርኪ ሳያይ ከሚገዛው ሰው ላይ የተነሳ ነው፤ የተለቀመለትንም ሳጥን ሙሉ ዕድል እንዳለበት አድርጌ የምሸጥለት እኔው ነኝ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው «ገዢው እኮ ካልነገሩት አያውቅም» አለኝ። አለማወቁ ነገሩን የሚያከብደው መሆኑን ላስረዳው ብሞክርም ሊዋጥለት አልቻለም።

በሌላ በኩል ልጁ ራሱ ፍለጋውን ሲቀጥል ያገኘው ሌላ ታሪክ ነበር። ሞሃን ስሪቫስታቫ የሚባል በካናዳዋ ቶሮንቶ የሚኖር የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ2003 እ.ኤ.አ. በአንድ የሚፋቅ ሎተሪ ላይ የሚታዩትን ቁጥሮች በማጥናት፣ ትኬቱ ሳይፋቅ አሸናፊውን ከተሸናፊው መለየት እንደሚቻል ይደርስበታል። ለሎተሪ ድርጅቱ ቢደውል የሚሰማው ሰው አጣ። ስለዚህ ያልተፋቁ 20 ትኬቶችን ገዝቶ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ብሎ በሁለት ለይቶ ላከላቸው፤ 19ኙን በትክክል ለይቶ ነበር። ድርጅቱም ወዲያው ጨዋታውን ከገበያ አነሳ። ይህ ታሪክ በኋላ ለእኔ መንገድ ሆነኝ፤ በዚያን ሰዓት ግን ልጁን አላሳመነውም። ተጋጨን፤ ሱቁንም ጥሎ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ምስጢሩ በሰፈሩ ወጣቶች ዘንድ ተሰራጨ። በመጀመሪያ ከየሱቁ ሳጥን እያወጡ፣ አንገቱን እያነበቡ እየመረጡ ይገዙ ነበር፤ ቀጥሎ ከአከፋፋዩ መጋዘን ጫኝና አውራጆች ጋር ተስማምተው ባለ ሰዓቱን ሳጥን ከመኪናው ላይ ሳይወርድ ማስቀረት ጀመሩ። የዕቁብ ገንዘቡን በሙሉ ያፈሰሰበት ልጅም ነበር። ከሁሉም ያሳዘነኝ የመጠጡ ነገር ነው። ቆርኪው ከተፈለቀቀ በኋላ የሚጠጣው ሰው ስለሌለ፣ በቢጫ ጀሪካን እየገለበጡ ወደ ኮዬ ፈጬ አቅጣጫ ባሉት የግንባታ ቦታዎች ላይ ለቀን ሠራተኞች በኩባያ በርካሽ ይሸጡት ነበር። ጋዙ ወጥቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ከጀሪካኑ ሽታ ጋር የተቀላቀለውን ያንን ነገር ላቡ የሚንጠፈጠፍ ሰው ሲጠጣው አይቻለሁ።

ወደ እኔ ሱቅ የሚደርሰው የተለቀመው ሳጥን ሆነ። ደንበኛው ይከፍታል፣ ባዶ ነው፤ ደግሞ ይከፍታል፣ ባዶ ነው። ሰው እንዴት ዝም ይላል? «እርስዋ ናት የምትለቅመው፤ የእህቷ ልጅ እኮ ነው ያወጣው» የሚል ወሬ በብሎኩ ውስጥ ተነዛ። ለዓመታት በዱቤ የሰጠኋቸው ጎረቤቶች ወደ ማዶው ሱቅ ሄዱ። አንዲት እናት ፊት ለፊቴ «ለሕፃን እንኳ አታዝኑም» ብላኝ ስትወጣ ሆድ ባሰኝ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ሰው ክፉኛ ይፈተናል፤ ያላደረግሁት ነገር ከተነገረብኝ አድርጌው ለምን ትርፉን አላገኝም የሚል ሐሳብ ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ለእኔም መጥቶብኛል። ያን ጊዜ የረዳኝ ነገሩን ለባለቤቴና ለጋሼ በግልጽ መናገሬ ነው። ጋሼ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ከእኔው ዘንድ እየገዙ፣ ለሚጠይቃቸውም ሁሉ ጠርሙሱን አንስተው ሰዓቱን እያሳዩ አስረዱልኝ።

ለአከፋፋዩ ሽያጭ ሠራተኛ ስነግረው «ዝም ብለሽ ሽጪ፤ ነገር አታብዢ» አለኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ጉድ እርሱም ያውቅ እንደነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ስለዚህ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቀን አስመትቼ ለራሴ አስቀረሁ። መልስ ሲዘገይ የካናዳውን ሰው መንገድ ተከተልኩ። ከአንድ ሳጥን ውስጥ ያልተከፈቱትን ጠርሙሶች በሰዓታቸው በሁለት ለይቼ፣ አንዱን ወገን በቀይ ክር አስሬ፣ ሳጥኑን በታክሲ ጭኜ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። የገበያ ክፍል ኃላፊው መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ መክፈቻ አስመጣና ቀይ ክር ያለባቸውን አንድ በአንድ እየከፈተ ላስቲኩን በጥፍሩ ይፈለቅቅ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ «በነፃ»፣ «በነፃ»፣ የገንዘብ ሽልማት፣ አንድ ባዶ፣ እንደገና «በነፃ» እየተደረደረ ሲሄድ ፊቱ ተለወጠ፤ ስልኩን አንስቶ የምርት ክፍሉን ጠራ። ጉድለት የምታገኙ ሰዎች ይህን ያዙልኝ፦ ያልተከፈተ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል የሚነገር አቤቱታ ቅሬታ ተብሎ ይታለፋል፤ በዓይናቸው ፊት ሲከፈት ያዩትን ግን ሊያልፉት አይችሉም።

ፋብሪካው የዚያን ጊዜ ምርት ከገበያ ሰበሰበ፤ በእነዚያ ሰዓታት የተከደኑ ጠርሙሶች ቆርኪም ሳይጣራ እንዳይቀየር አዘዘ። ችግሩ በርካታ ባለሱቆች ለደንበኛ ከኪሳቸው የከፈሉበትን ቆርኪ በፌስታል ሞልተው መያዛቸው ነበር። ቆርኪ ብቻውን ከየትኛው ጠርሙስ እንደወጣ አይናገርም፤ ስለዚህ መዝገብ የሌለው ሰው ከወጣቶቹ በርካሽ የገዛውንና በሐቅ ለደንበኛ የከፈለበትን መለየት አልቻለም። እኔ በየቀኑ ማን ምን ዓይነት ሽልማት እንደወሰደ በደብተር ጽፌ ደንበኛውን አስፈርም ስለነበር ተተካልኝ። ጎረቤቴ ባለሱቅ ግን አንድም ሳያጭበረብር ከሰረ። በጉድለቱ የተጠቀሙት ወጣቶች «ፋብሪካውን ነው የበላነው» ሲሉ፣ የተበላው ከእኔ ሱቅ ማዶ ያለው ሰው ነበር።

መጋዘኑ ላይ ምርመራ ሲጀመር የእህቴ ልጅ ስሙ ተነሳና ተጠራ። ዋስ ሆኜ አስወጣሁት፤ በእጁ የቀረውን ቆርኪ አስረከበ፤ የሚያውቀውንም ለመርማሪው ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ሱቅ ውስጥ እየመረጠ ከገዛው ይልቅ የከበደው ከጫኞቹ ጋር የተደረገው ስምምነት ነበር። ወጣቶች ይህን ወሰን ልታውቁት ይገባል፤ ዕቃውን በአደራ የያዘ ሠራተኛ ከውስጥ ሲተባበር ነገሩ ብልጠት መሆኑ ይቀርና ወንጀል ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ጀሮም ጃኮብሰን የተባለ ሰው ማክዶናልድስ የተባለው የፈጣን ምግብ ድርጅት «ሞኖፖሊ» በሚል ስም ለደንበኞቹ ላዘጋጀው ጨዋታ የሚውሉትን የሽልማት ወረቀቶች እንዲጠብቅ አደራ ተሰጥቶት፣ አሸናፊዎቹን እየሰረቀ ለሚያውቃቸውና ለሚከፍሉት ሰዎች ለዓመታት ሲያድል ቆይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ተይዟል፤ ከ50 በላይ ሰዎችም አብረው ተፈርዶባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሰረቀውን ወረቀት ተቀብለው በዕድል እንዳገኙት አድርገው ሽልማቱን የጠየቁ ሰዎች ነበሩ።

ጣቢያ የቆሙት ልጆች ደጋግመው ይሉት የነበረው «ማሽኑ ካበላሸው የእኔ ጥፋት ምንድን ነው?» የሚለው ቃል መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታወሰኝ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ችግር ገጥሞት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ፣ ያን ጊዜም ይባል የነበረው ይኸው ነበር። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ አደረገ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2162 በሌላ ሰው ንብረት ወይም ድካም ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ የሌላው ወገን ስህተት ለእኛ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ከዚያ ሌሊት ብዙዎች ተምረዋል።

ይህን ስል ግን ፋብሪካን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን «እነርሱ ሲሳሳቱስ ማን ይከፍለናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፔፕሲ ባካሄደው የቆርኪ ሽልማት 349 የሚለው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ፔሶ ያሸልማል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ቁጥሩ ግን በስህተት በብዙ መቶ ሺህ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ነበር። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ባለ ቆርኪ 500 ፔሶ ብቻ ሰጠ፤ አመጽ ተነሳ፤ ሰዎችም ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ምንም አልለቀሙም፣ ምንም አላጭበረበሩም፤ በቅን ልቦና ከፍተው ያገኙትን ይዘው ቀረቡ። በእጃችሁ ያለው እንደዚያ ያለ ቆርኪ ከሆነ መብታችሁን እስከ መጨረሻው ጠይቁ። በማስታወቂያ ለሕዝብ የተሰጠ የሽልማት ተስፋ ሰጪውን የሚያስገድድ መሆኑ በሕጋችንም ያለ ነገር ነው። እኔ የምለየው ሳያውቅ ያገኘውን ሰውና አውቆ ከሌላው ፊት ያነሳውን ሰው ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ ተመልሶ ከእኔ ጋር ይሠራል፤ የሽልማት ወቅት ሲመጣም ሥራውን የሚመራው እርሱ ነው። ባለሱቆች የምናደርገውን ብታደርጉ ትጠቀማላችሁ። ሳጥኑን የምናስቀምጠው ከባንኮኒው በስተጀርባ ነው፤ ደንበኛ መርጦ ማውጣት ቢፈልግ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚያገኘው። ቆርኪ ከማንም አንገዛም፤ ለሚቀየር ቆርኪ ጠርሙሱ እዚያው በእኛ ፊት የተከፈተ መሆን አለበት። ቀኑን፣ የሽልማቱን ዓይነት፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለውን ሰዓትና የደንበኛውን ፊርማ በደብተር እንይዛለን። መኪናው ሲመጣ ቆርኪውን ቆጥሮ የተረከበው ሠራተኛ ካልፈረመልን አናስረክብም። ከገንዘብ ሽልማቶቹ መካከል አንድ ባለሱቅ እስከ ምን ያህል ከኪሱ እንዲከፍል እንደሚጠበቅ ከአከፋፋዩ በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ደንበኛው ራሱ ወደ ፋብሪካው እንዲወስደው በትሕትና እናስረዳለን። ዕጣ ያለበት ማስተዋወቂያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለሆነ ፖስተሩ ላይ የሎተሪ አገልግሎቱን ፈቃድ እንፈልጋለን፤ ከሌለ ፖስተሩን አንለጥፍም።

ሁለት ቀኖችን ደግሞ ለይታችሁ ያዙ። ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሽልማቱ የሚያበቃበት ቀን ነው፤ ባለሱቅ የሰበሰበውን ቆርኪ ለአከፋፋዩ የሚያስረክብበት የመጨረሻ ቀን ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይጻፍም። ይህን ሁለተኛውን ቀን የመጀመሪያው ሳጥን ከመኪናው ሳይወርድ ጠይቁና በደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፉት።